ሕግ ባለቤት ሲያጣ፦ የቼሳፒክ ባሕረ ሰላጤ ታሪክ ለእኛ ምን ይነግረናል?

አባቶቻችን «ውኃን ከጥሩ፣ ነገርን ከሥሩ» ይላሉ። ዛሬ የማነሣው ጉዳይ ውኃም ነገርም ነውና ከሥሩ ልጀምር።

ባለፈው ሰሞን ከአዲስ አበባ ለስብሰባ የመጣ የቀድሞ ባልደረባዬን ወደ ፖቶማክ ወንዝ ዳርቻ ይዤው ወጣሁ። ጀልባ የሚቀዝፉትን፣ መንጠቆ ጥለው ዓሣ የሚጠብቁትን ሲመለከት ቆየና፣ «እነዚህ ሰዎች ወንዛቸው የጠራው ሀብታም ስለ ሆኑ ነው። እኛ መጀመሪያ እንብላ፤ ወንዙ ይደርሳል» አለኝ። የታሪክ መምህር ነኝና በቂ መልስ ሊኖረኝ በተገባ ነበር፤ ነገር ግን ተድበስብሶ አለፈ። ይህ ጽሑፍ ያን ዕለት ሳልሰጠው የቀረሁት መልስ ነው። (በጽሑፉ ውስጥ ያሉት ዓመታት የአዋጅ ቁጥሮች ካልሆኑ በስተቀር በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

የወንዝ አፍ ምንድን ነው?

ከላይ የሚወርደው የወንዝ ውኃ ከባሕሩ ጨዋማ ውኃ ጋር የሚቀላቀልበትን ሥፍራ እንግሊዞች «ኤስቹዋሪ» ይሉታል። እኔ እዚህ «የወንዝ አፍ» እለዋለሁ። ዓሣ የሚራባበት፣ ወፍ የሚሰፍርበት፣ ማዕበል ከመሬት ጋር የሚታረቅበት ለም ሥፍራ ነው። ለምነቱ ግን መዘዝም አለው፤ ከላይ የተጣለው ቆሻሻ ሁሉ ተጉዞ የሚጠራቀመው እዚያው ነው።

በአሜሪካ ትልቁ የወንዝ አፍ የቼሳፒክ ባሕረ ሰላጤ ነው። ርዝመቱ 320 ኪሎ ሜትር ያህል ሲሆን አማካይ ጥልቀቱ ከ7 ሜትር አይበልጥም። ወደ እርሱ የሚፈስሰው ተፋሰስ ግን 166,000 ካሬ ሜትር ሳይሆን 166,000 ካሬ ኪሎ ሜትር የሚጠጋ ስፋት አለው። ስድስት ክፍላተ ግዛትን (ኒው ዮርክን፣ ፔንሲልቬንያን፣ ዴላዌርን፣ ሜሪላንድን፣ ቨርጂንያንና ዌስት ቨርጂንያን) እንዲሁም ዋና ከተማይቱን ዋሽንግተንን ይነካል፤ ከ18 ሚሊዮን በላይ ሕዝብ ይኖርበታል። ውኃው ጥልቀት የሌለው፣ መሬቱ ደግሞ ሰፊ ስለ ሆነ የባሕረ ሰላጤው ዕጣ የሚወሰነው በባሕሩ ሳይሆን በመሬቱ ነው። በዚህ አካባቢ የምንኖር በአሥር ሺሕ የምንቆጠር ኢትዮጵያውያንም፣ ዕቃ ባጠብን ቁጥር፣ የዚህ ታሪክ ተካፋዮች ነን።

ከጠብ የተወለደ ሕገ መንግሥት

እንግሊዛዊው ካፒቴን ጆን ስሚዝ በ1608 ባሕረ ሰላጤውን ሲያስስ ዓሣው ከብዛቱ የተነሣ ጓደኞቹ በመጥበሻ ሊቀዱት እንደ ሞከሩ ጽፏል። እንዲህ ያለ ሀብት ባለበት ጠብ አይጠፋም። የእንግሊዝ ንጉሥ በ1632 ለሜሪላንድ በሰጠው ቻርተር የፖቶማክ ወንዝ እስከ ደቡባዊው ዳርቻ ድረስ የሜሪላንድ ሆነ፤ የባሕረ ሰላጤው መውጫ ግን በቨርጂንያ እጅ ነበር። አንዱ ወንዙን፣ ሌላው በሩን ይዘው ከመቶ ዓመት በላይ ተፋጠጡ።

በመጋቢት 1785 የሁለቱ ግዛቶች መልእክተኞች በጆርጅ ዋሽንግተን መኖሪያ በማውንት ቨርነን ተገናኝተው ተስማሙ። ወንዙ ለመርከብ የጋራ መንገድ እንዲሆን፣ ዓሣ የማጥመድ መብት የሁለቱም እንዲሆን፣ ዓሣን ለመጠበቅ የሚወጣ ማንኛውም ሕግ በሁለቱም ፈቃድ ብቻ እንዲወጣ ወሰኑ። ይህ ስብሰባ በመስከረም 1786 የአምስት ግዛቶች ልዑካን የተገኙበትን የአናፖሊስን ጉባኤ ወለደ፤ አናፖሊስ ደግሞ በ1787 የፊላደልፊያን ጉባኤ ጠራ፤ ከዚያም የአሜሪካ ሕገ መንግሥት ወጣ። የፌዴራል ሥርዓት አባት ከሚባሉት ሰነዶች በስተጀርባ የአንድ ወንዝ የጋራ ባለቤትነት ጥያቄ አለ ማለት ነው። በፌዴራል ሥርዓት ውስጥ ለምንኖር፣ ስለ ክልልና ስለ ወሰን ሌት ተቀን ለምንከራከር ለእኛ ይህ ተራ ወግ አይደለም።

የኦይስተር ጦርነት

የማውንት ቨርነን ስምምነት ግን አንድ ትልቅ ጉድለት ነበረበት። ወንዙን እንዴት እንደሚካፈሉት ደነገገ እንጂ ወንዙን ማን እንደሚጠብቀው አልደነገገም። የዚህን ጉድለት ዋጋ የከፈለችው ኦይስተር የተባለችው፣ ድንጋይ በመሰለ ቅርፊት ውስጥ የምትኖር የባሕር እንስሳ ናት። አንዲት የጎለመሰች ኦይስተር ምግቧን ስትፈልግ በቀን እስከ 190 ሊትር ውኃ ታጣራለች። ስለዚህ ኦይስተር ምግብ ብቻ ሳትሆን የባሕረ ሰላጤው ኩላሊት ነበረች።

የሰሜኖቹ አጥማጆች የራሳቸውን ጨርሰው ወደ ደቡብ ሲወርዱ ቨርጂንያ በ1811፣ ሜሪላንድ በ1820 የባሕሩን ወለል በብረት መቧጠጫ መጥረግን ከለከሉ። ሕጉ ወጣ፤ የሚያስከብረው ግን አልነበረም። ሜሪላንድ በ1868 በመርከብ የሚዘዋወር የታጠቀ የኦይስተር ፖሊስ አቋቋመች። ከዚያ በኋላ ለአሥርት ዓመታት በአጥማጅና በፖሊስ፣ በሜሪላንዳዊና በቨርጂንያዊ መካከል በጥይት የታጀበ ፍልሚያ ሆነ። በ1880ዎቹ አጋማሽ ሜሪላንድ በአንድ የማጥመጃ ወቅት 15 ሚሊዮን ቡሽል ያህል ሰበሰበች፤ ከዚያ ቁልቁለቱ ተጀመረ። የመጨረሻው ደም በፖቶማክ ላይ የፈሰሰው በ1959 ሲሆን፣ ከዚያ በኋላ ሁለቱ ግዛቶች ወንዙን በጋራ የሚያስተዳድር የዓሣ ሀብት ኮሚሽን አቋቋሙ። ዛሬ የቀረው ኦይስተር ከጥንቱ አንድ መቶኛ ያህል እንደሆነ ይገመታል።

እነዚህ ሁሉ ሕጎች ስለ ድርሻ የሚናገሩ ነበሩ። ውኃው ራሱ እየታመመ መሆኑን የሚመለከት ሕግ አልነበረም። ድርሻን የሚያከፋፍል ሕግ የሚከፋፈለውን ነገር ካላዳነ ባዶ ማሰሮ ማከፋፈል ይሆናል።

1972፦ የፕሬዚዳንቱ ተቃውሞና የዜጋው በር

በ1960ዎቹ ፖቶማክ የዋሽንግተንን ፍሳሽ ተሸክሞ በዋናው ከተማ ሥር ይገማ ነበር። ፕሬዚዳንት ሊንደን ጆንሰን በ1965 የውኃ ጥራት ሕግን ሲፈርሙ ፖቶማክን በ1975 ለዋና እንደሚያበቁት ቃል ገቡ። ቃል ብቻ ነበር። ከተማይቱ በ1971 በወንዞቿ መዋኘትን በሕግ ከለከለች።

በ1972 ኮንግረስ የንጹሕ ውኃ ሕግ በሚል ስም የሚታወቀውን ሕግ አጸደቀ። ፕሬዚዳንት ሪቻርድ ኒክሰን ጥቅምት 17 ቀን ሕጉን ሻሩት። ምክንያታቸው ምን ነበር? ወጪው ይበዛል የሚል ነበር። ወዳጄ ሆይ፣ ልብ በል! በጊዜው በዓለም ላይ እጅግ ሀብታም የነበረችው አገር መሪ የተናገሩት አንተ ወንዝ ዳር ቆመህ የነገርከኝን ነው። ኮንግረሱ በማግሥቱ በሕግ መወሰኛው 52 ለ12፣ በሕዝብ ተወካዮች 247 ለ23 በሆነ ድምፅ የፕሬዚዳንቱን ሽረት ሽሮ ሕጉን አጸና። በ1987 ሕጉ ሲሻሻልም እንዲሁ ሆነ፤ ፕሬዚዳንት ሮናልድ ሬገን ሻሩት፣ ኮንግረሱ አጸናው። ዛሬ 28 የወንዝ አፎችን የሚያቅፈው ብሔራዊ መርሐ ግብር የተመሠረተው በዚያ ማሻሻያ ነው። ለቼሳፒክም የራሱ አንቀጽ ተጻፈለት። በ2000 ደግሞ ፕሬዚዳንት ክሊንተን የወንዝ አፎችን መልሶ የማልማት ሕግን ፈረሙ፤ ግቡ በ2010 አንድ ሚሊዮን ኤከር ማዳን ነበር። እንግዲህ ሀብት ብቻውን ወንዝ አያጠራም። ሀብታሙም «ገንዘብ የለም» ይላል፤ ወንዙ የሚጠራው «የለም» የሚለውን ሰው የሚያሸንፍ ሥርዓት ሲኖር ነው።

የ1972ቱን ሕግ ከቀደሙት የሚለዩት ሦስት ነገሮች ናቸው። አንደኛ፣ ያለ ፈቃድ በቱቦ ወደ ወንዝ ቆሻሻ መልቀቅን በራሱ ሕገ ወጥ አደረገ፤ ፈቃድ ያገኘውም የሚለቀውን እየለካ እንዲያሳውቅና መዝገቡ ለሕዝብ ክፍት እንዲሆን አዘዘ። ሁለተኛ፣ ከተሞች የፍሳሽ ማጣሪያ እንዲሠሩ ከፌዴራል መንግሥት ካዝና እስከ 75 በመቶ የሚደርስ ወጪ ሸፈነ። ሦስተኛውና ለእኔ ትልቁ፣ ጉዳት የደረሰበት ማንኛውም ዜጋ በካዩን ብቻ ሳይሆን ግዴታውን ያልተወጣውን የመንግሥት መሥሪያ ቤት ጭምር ፍርድ ቤት እንዲገትር ፈቀደ።

ውጤቱ ታየ። የዋሽንግተንንና የአጎራባቾቿን ፍሳሽ የሚያጣራው ብሉ ፕሌንስ የተባለው ጣቢያ በዓለም ትላልቅ ከሚባሉት ዘመናዊ ማጣሪያዎች አንዱ ሆነ። በፖቶማክ ጠፍቶ የነበረው የውኃ ውስጥ ሣር ተመለሰ፤ ዓሣውም ተከተለው። ወዳጄ ያየው መንጠቆ የጣለ ሰው እዚያ የቆመው በ1972 የተከፈተው በር ስላልተዘጋ ነው።

አራት ፊርማዎች፣ አራት ቀነ ገደቦች

ሕጉ ግን አንድ ነገር ተወ። ከቱቦ የሚወጣውን ሲያስር ከእርሻ ማሳ የሚታጠበውን አላሰረም። ማዳበሪያና የከብት እበት የያዙት ናይትሮጅንና ፎስፈረስ በዝናብ ታጥበው ወደ ባሕረ ሰላጤው ሲገቡ አልጌ የተባለው አረንጓዴ ሽፋን ይባዛል፤ ሲሞትና ሲበሰብስ በውኃው ውስጥ ያለውን ኦክስጅን ይጨርሰዋል፤ ዓሣና ሸርጣን ይታፈናሉ። በበጋ ከባሕረ ሰላጤው ሰፊ ክፍል ሕይወት የሚሸሸው በዚህ ምክንያት ነው።

በሜሪላንዱ ሴናተር ቻርልስ ማታያስ ግፊት 27 ሚሊዮን ዶላር የወጣበት ጥናት ይህን በ1983 በግልጽ አስቀመጠ። በዚያው ዓመት ታኅሣሥ ወር የሜሪላንድ፣ የቨርጂንያና የፔንሲልቬንያ ገዥዎች፣ የዋሽንግተን ከንቲባና የፌዴራሉ የአካባቢ ጥበቃ መሥሪያ ቤት የመጀመሪያውን የቼሳፒክ ስምምነት ፈረሙ። ሰነዱ አንድ ገጽ አይሞላም። በ1987 ሁለተኛው ስምምነት ናይትሮጅንና ፎስፈረስ በ2000 በ40 በመቶ እንዲቀንሱ ቃል ገባ፤ አልሆነም። በ2000 ሦስተኛው ስምምነት ባሕረ ሰላጤው በ2010 ከበከሉት ውኃዎች መዝገብ እንዲወጣ ቃል ገባ፤ አልሆነም። ያልፈጸመውን የሚጠይቀው አልነበረም። ፈራሚው ገዥ የሥራ ዘመኑ ያልቃል፤ ተተኪው ፊት ለፊት ያልፈረመውን ቃል አዲስ ቀን ሰጥቶ ያድሰዋል።

ለውጥ የመጣው ዜጎች በሩን ሲያንኳኩ ነው። በጥር 2009 የቼሳፒክ ቤይ ፋውንዴሽን የተባለው የሲቪክ ድርጅትና ተባባሪዎቹ የፌዴራሉን መሥሪያ ቤት ከሰሱ። በግንቦት ፕሬዚዳንት ኦባማ ስለ ባሕረ ሰላጤው ልዩ ትእዛዝ አወጡ፤ ክሱ በ2010 በስምምነት አለቀ፤ በዚያው ዓመት ታኅሣሥ 29 ቀን አስገዳጅ ወሰን ወጣ። በዓመት ከ185.9 ሚሊዮን ፓውንድ የበለጠ ናይትሮጅን፣ ከ12.5 ሚሊዮን ፓውንድ የበለጠ ፎስፈረስ እንዳይገባ፣ አስፈላጊው ሥራ ሁሉ በ2025 እንዲጠናቀቅ ለእያንዳንዱ ግዛት ድርሻው ተቆረጠለት።

የገበሬ ማኅበራት ፌዴሬሽን ይግባኝ አለ፤ ከባሕረ ሰላጤው በብዙ ሺሕ ኪሎ ሜትር የምትርቀውን አላስካን ጨምሮ 21 ክፍላተ ግዛት ደገፉት። ፍራቻቸው «ዛሬ በፔንሲልቬንያ መሬት ላይ ያዘዘ ነገ በእኛ ላይ ያዛል» የሚል ነበር። የይግባኝ ፍርድ ቤቱ በ2015 የወሰኑን ሕጋዊነት አጸና፤ ጠቅላይ ፍርድ ቤቱም በ2016 ጉዳዩን አላይም በማለቱ ውሳኔው ጸንቶ ቀረ።

የፔንሲልቬንያ ነገር ለብቻው ሊታይ ይገባዋል። ግዛቲቱ በባሕረ ሰላጤው ላይ አንዲት ክንድ ዳርቻ የላትም። ይሁን እንጂ ወደ ባሕረ ሰላጤው ከሚገባው የወንዝ ውኃ ግማሽ ያህሉን የሚያመጣው የሳስኮሃና ወንዝ በአብዛኛው የሚያልፈው በእርሷ ማሳዎች መካከል ነው። ዓሣውን የማይበላ ገበሬ ለዓሣው ለምን ይክፈል? ጥያቄው የሚናቅ አይደለም፤ ከላይ ያለ ሕዝብ ሁሉ የሚጠይቀው ነው፤ የዓባይ ልጆች ደግሞ ከማንም ይልቅ እናውቀዋለን። በ2020 ሜሪላንድ፣ ቨርጂንያ፣ ዴላዌርና ዋሽንግተን «ፔንሲልቬንያን አላስገደድክም» ብለው የፌዴራሉን መሥሪያ ቤት ከሰሱ፤ በ2023 ታረቁ። ዕርቁ ያመጣው መፍትሔ ቁጥጥርና ገንዘብ በአንድነት እንዲሄዱ ነው፤ ከታች ያለው ከላይ ያለውን መክሰስ ብቻ ሳይሆን መርዳትም እንዳለበት ታወቀ።

2025 ደረሰ። ከማጣሪያ ጣቢያዎች በሚወጣው ፍሳሽ ረገድ ለ2025 የተቀመጠው ግብ በ2016 አስቀድሞ ተሟልቷል። በእርሻ በኩል የተቀመጠው ግን አልተሟላም፤ በ2025 መጨረሻም ስምምነቱ ተሻሽሎ አዲሱ ቀነ ገደብ 2040 ሆነ። አንድ ባሕረ ሰላጤ፣ አንድ ሕዝብ፣ አንድ ዘመን፤ ሕጉ ባለቤት በሰየመበት በኩል ሥራው ከቀኑ ዘጠኝ ዓመት ቀድሞ አለቀ፤ ለበጎ ፈቃድ በተወው በኩል ቀኑ ከ2000 ወደ 2010፣ ከ2010 ወደ 2025፣ ከ2025 ወደ 2040 ሸሸ። ከዚህ የበለጠ ማስረጃ የታሪክ ተማሪ ከየት ያመጣል?

ወጪውስ? ሜሪላንድ በ2004 ባወጣችው ሕግ ከየቤተሰቡ በወር 2 ዶላር ተኩል ለማጣሪያዎች ማሻሻያ ሰበሰበች፤ በ2012 እጥፍ አደረገችው። በዋሽንግተን ከጥር 2010 ጀምሮ ምግብ የሚሸጥ ሱቅ ሁሉ ለአንድ ፌስታል 5 ሳንቲም ያስከፍላል፤ ገንዘቡም በአመዛኙ የፖቶማክ ገባር ለሆነው ለአናኮስቲያ ወንዝ ማጽጃ ይውላል። ከሀበሻ ሱቅ እንጀራ ስንገዛ የምንከፍለው ሳንቲም ይኸው ነው። በመጀመሪያው ሰሞን ያላጉረመረመ አልነበረም፤ እኔም አጉረምርሜአለሁ። ዛሬ ከረጢቱን ከቤቱ ይዞ የሚመጣው ይበዛል።

ወደ ቤታችን ስንመለስ

«የባሕር ዳርቻ የሌለን ሕዝብ ስለ ወንዝ አፍ ምን ቤት ነን?» የሚል አንባቢ ይኖራል። እኔ ያደግሁት በአቃቂ ነው። የአቃቂ ወንዝ የአዲስ አበባን ቆሻሻ ተሸክሞ የአገራችን የመጀመሪያ የውኃ ኃይል ማመንጫ ወደ ተሠራበት ወደ አባ ሳሙኤል ሐይቅ ይገባል፤ ከዚያ ወደ አዋሽ ይወርዳል። አዋሽም ባሕር ሳይደርስ በአፋር ምድር በአቤ ሐይቅ ያበቃል። ስለዚህ የእኛ ቆሻሻ የሌላ አገር ባሕር ውስጥ አይሰወርም፤ እዚያው እኛው ዘንድ ይቀራል። በአቃቂ ውኃ የሚለማው ጎመንም በገበያ በኩል ወደ ከተማይቱ ማዕድ ይመለሳል። ከላይ የጣልነውን ከታች እንበላዋለን ማለት ነው። «መጀመሪያ እንብላ» ላለው ወዳጄ መልሴ ይኸው ነው፤ የምንበላው ምን ሆነና!

ሕግ አጥተን ነው እንዳይባል ሕግ አለን። ሕገ መንግሥታችን በአንቀጽ 44 ንጹሕና ጤናማ በሆነ አካባቢ የመኖርን መብት ደንግጓል። የአካባቢ ብክለት ቁጥጥር አዋጅ ቁጥር 300/1995 ደግሞ በአንቀጽ 11 ማንኛውም ሰው፣ የግል ጥቅሙ መነካቱን ማስረዳት ሳይጠበቅበት፣ በካዩን ለባለሥልጣኑ እንዲያመለክት፣ መልስ ካጣ ወይም ካልረካ ፍርድ ቤት እንዲሄድ ፈቅዷል። ይህ በር ከአሜሪካው ይልቅ የሰፋ ነው! ይሁን እንጂ በ2006 አንድ የሲቪክ ማኅበር ስለ አቃቂና ስለ ሞጆ ወንዞች ብክለት ተቆጣጣሪውን መሥሪያ ቤት ሲከስስ ፍርድ ቤቱ ክሱን አልተቀበለውም። በሩ ተጽፏል፤ ሲንኳኳ ግን አልተከፈተም።

የባለቤትነቱም ነገር እንዲሁ ነው። በ2007 በአዋጅ ቁጥር 534/1999 የየተፋሰሱ ባለሥልጣናት እንዲቋቋሙ ተደነገገ፤ በ2018 በአንድ ባለሥልጣን ተጠቃለሉ፤ በ2021 ሥራው ወደ ሚኒስቴሩ ተመለሰ። አንድ ወንዝ በአሥራ አምስት ዓመት ውስጥ ሦስት ጊዜ ባለቤት ከተለዋወጠ፣ ገበሬው የአዋሽን ጉዳይ ለማን አቤት ይበል? ከ2019 ወዲህ በአዲስ አበባ የወንዝ ዳርቻዎች ሲያምሩ አይቻለሁ፤ ደስም ብሎኛል። ነገር ግን ዳርቻን ማስዋብና ውኃን ማጥራት ሁለት የተለያዩ ሥራዎች ናቸው። የመጀመሪያውን ባለሥልጣን በትእዛዝ ሊፈጽመው ይችላል፤ ሁለተኛው ግን በየፋብሪካውና በየቤቱ ቱቦ ጫፍ ላይ የሚቆም ሕግ፣ ለሕዝብ የተከፈተ መዝገብና ዜጋን የሚሰማ ዳኛ ይጠይቃል።

ለእኛ ይህ እንግዳ አይደለም። በጥንቱ ሥርዓታችን የተበደለ ሰው «በሕግ አምላክ!» ብሎ ሲጮኽ በዳዩ ጌታም ቢሆን ይቆም ነበር፤ መንገደኛው ተቀምጦ ይዳኛቸው ነበር። «በሕግ ከሄደች በቅሎዬ፣ ያለ ሕግ የሄደች ጭብጦዬ» ያለው ያ ሕዝብ ነው። አቃቂ ግን አፍ የለውም፤ «በሕግ አምላክ» ሊል አይችልም። የሚልለት ሰው ያስፈልገዋል፤ ሲልለትም የሚቆም በዳይና የሚሰማ ዳኛ ያስፈልጋል። ቼሳፒክ ያለ እነርሱ በፊርማ ብቻ ሲኖር ምን እንደሆነ አይተናል፤ ሲያገኛቸውም ምን እንደሆነ አይተናል።

ቸር ይግጠመን።